የሾፌሩ የስንብት ጥያቄ

አባቴ የሞተ ዕለት ከዘመድ ቀድሞ የተነገራቸው የሕዝብ ሒሳብ ዳኛው አቶ ስንሻው ነበሩ። ደንቡ እንደዚያ ነው። ቀብር ይፈጸማል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሟች በስድሳ ዓመቱ ያስመዘገበው የስንብት ጥያቄ ይሰማል፣ ለቀስተኛው ይፈታዋል፣ ድንኳኑ ይነሣል። ጥያቄው ካልተፈታ ድንኳኑ አይነሣም። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሒሳብን ከክፍል አውጥተው ለሕዝብ ማድረስ ፈለጉ፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ቁጭ የሚልበትን ቦታ ሲያጠኑ ደግሞ ለቅሶ ቤት ላይ ደረሱ።

በአያቶቻችን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር ይባላል። ታክሲ መጠበቂያው ላይ አንዳንድ እንቆቅልሽ ይለጠፋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባይ ላይ ልጆች በገመድና በጠመኔ ሲጫወቱ ይውላሉ። ሰው ወደደው። ጣጣው የመጣው ከመውደዱ ነው። ዛሬ ዳቦ ለመግዛት የዳቦ ቤቱን በር ጥያቄ መመለስ አለብኝ፤ መልሱ ጠፍቶኝ ከበሩ ተመልሼ ቁርሴን በሻይ ብቻ የጨረስኩበት ቀን ጥቂት አይደለም። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሹሩባ ስጨርስ ደንበኛዬ ግራው ከቀኙ ልክ መሆኑን በቃል ካላረጋገጥኩላት ከወንበሩ አትነሣም። ሰርግ ላይ ሚዜዎቹ ሙሽራውን በር ላይ አቁመው ያፋጥጡታል፤ የአክስቴ ልጅ እስከ ምሳ ሰዓት ቆሞ ነው የገባው፣ ያውም ሙሽሪት በመስኮት ረድታው። ሁለት ጎረምሶች መንገድ ላይ ሲሰዳደቡ ብትሰሙ አንዱ ሌላውን «አላረጋገጥክም» ይለዋል፤ ቡጢው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ ይመር ከደሴ ኮምቦልቻ በገዛ እጁ የነዳ የመጨረሻው ሾፌር ነበር። ከእሱ ወዲህ መኪኖቹ ብቻቸውን ይወርዳሉ፣ ብቻቸውን ይወጣሉ፤ ጉም ሲወርድ ዳገቱ ላይ ፊት ለፊት ቆመው «እርስዎ ይለፉ» እየተባባሉ ግማሽ ቀን ሲያባክኑ ይታያሉ። አባቴ እነሱን ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር። ሒሳብ አይወድም፤ ወይም እንደማይወድ አድርጎ ይናገራል። ከእናቴ ከንጋቷ ጋር ሲጣሉ እሷ ታኮርፋለች፤ እማ ስታኮርፍ ደግሞ ግድግዳ ናት። እሱ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅም። ወንበሩ ላይ ይደላደልና ለማንም እንደማይናገር ሰው «ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት» ይላል። እማ ትንሽ ትታገሣለች። ሰሃን ታጥባለች፣ ያጠበችውን መልሳ ታጥባለች። በመጨረሻ ጀርባዋን እንደሰጠችው «ሃምሳ ስድስት» ትላለች። ጠቡ አለቀ ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ የማባዛት ሠንጠረዥ የማያውቅ ይመስለኝና አዝንለት ነበር።

ከቀብር እንደተመለስን የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው፣ ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ተከለ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሙሉውን መጣ። አቶ ስንሻው ከፊት ተቀመጡ፤ ሰሌዳው ከራሳቸው በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በራ፣ ጥያቄውንም በራሱ በአባቴ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። በእሱ ድምፅ እንደሚነበብ ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። እማ እጄን ያዘችኝ።

«ጠዋት ከደሴ እነሣለሁ» አለ አባቴ። «ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ስወጣ ውዬ ማታ ደሴ ቤቴ እገባለሁ። አንድ መውረድ አንድ ጉዞ ነው፣ አንድ መውጣት አንድ ጉዞ ነው። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነበርኩ። የጉዞዬ ቁጥር ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ? በሉ ደህና ሁኑ፣ ንጋቷን አታድክሟት።»

እኔ ከዳቦ ቤት በር የምመለሰው ሴት ድምፁ ሳይጠፋ ፈታሁት። ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው የወረደውን ያህል ወጥቷል። ጉዞው ጥንድ ጥንድ ነው፤ ሙሉ። አባቴ ይህን የተወው አውቆ እንደሆነ ገባኝ። ሰው በቶሎ ፈትቶ፣ ንፍሮውን ቀማምሶ እንዲሄድና እናቴ እንድታርፍ ነው። ለመናገር አፌን ስከፍት አቶ ስንሻው በዓይናቸው ገሠጹኝ። የሟች ቤተሰብ መልስ አይሰጥም፤ ቢሰጥም አይቆጠርም። አንድ ዘመን ላይ አንዲት ባልቴት ለቀስተኛው እጁን ሳይታጠብ መልሱን ተናግራ ሰውን በባዶ ሆዱ ስለሸኘች የወጣ ደንብ ነው።

ሌላ ሰው እስኪናገር ጠበቅሁ። ማንም አልተናገረም። ሰው ሁሉ አገጩን ይዞ አቀረቀረ። አንዱ በረጅሙ ተነፈሰና «ከባድ ነው» አለ። ከጎኑ ያለው «በጣም» አለ። የቅሬው ሰብሳቢ ጋሽ እንድሪስ የአባቴ የዕድሜ ልክ ጎረቤት ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «ይመር እንዲህ ጥልቅ ሰው መሆኑን ሳናውቅለት» ብለው ዕንባቸውን ጠረጉ።

እንዲህ ያደረጋቸውን ለማወቅ ደሴ መወለድ ያስፈልጋል። ቀያሹ ሐጂ ሰይድ የሞቱ ጊዜ ጥያቄያቸው ሰፈሩን ከሳምንት በላይ አስቀምጦት ነበር፤ እስካሁን ስማቸው ሲነሣ «የዚያ የረጅሙ ድንኳን ባለቤት» ይባላሉ። አንድ መምህርት ደግሞ ጥያቄያቸው በመጀመሪያው ከሰዓት ተፈታና ልጆቻቸው በኀፍረት ሰፈር ለቀቁ። የድንኳን ዕድሜ የሟች ክብር ሆኗል። ስለዚህ አባቴን የሚወድ ሰው ሁሉ፣ አባቴን የማይወድ ደግሞ አልነበረም፣ ሁለትን ከሁለት ጋር መደመር እንደተሳነው ሆኖ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ ለቀስተኛው በወገን ተከፈለ። በምሰሶው በኩል የተቀመጡት «ጎማ ፈንድቶ በሌላ መኪና ተጎትቶ ቢመጣ ጉዞ ይባላል ወይ?» የሚለውን ያዙ። በበሩ በኩል ያሉት ንፍሮ ዘርግተው ባቄላውን መውረድ፣ ስንዴውን መውጣት አደረጉና መንገዱን ምንጣፍ ላይ ሠሩት። አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ስንዴና ባቄላው ልክ ለልክ ሆኖ ሲመጣባቸው በድንጋጤ ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቶሎ ብሎ አንዷን ባቄላ አንሥቶ ዋጣትና ሁሉም ተረጋጋ። ሳምንቱ ሲገባደድ ነገሩ «የይመር ጥያቄ» የሚል ስም ወጣለት። ከኮምቦልቻ ተማሪዎች በመኪና ተጭነው መጥተው በር ላይ ቆመው ጎበኙን።

ይህ ሁሉ ባላስጨነቀኝ ነበር፣ እማ ባትኖር። እማ ፍራሹ ላይ በሩን አይታ ትቀመጣለች። ሰው በገባ ቁጥር ትነሣለች፣ ትስማለች፣ ትቀመጣለች። አልጋዋ ላይ የእንግዳ ካፖርት ተከምሮበታል። ጉልበቷ አብጦ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን አለማልቀሷ ነው። ድምፅዋ ሊነሣ ሲል አንዱ «እስኪ በሌላ መንገድ እንየው» ይላል፣ ሰው ሁሉ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፣ እሷም ሰው እንዳትረብሽ ብላ ትውጠዋለች። ከእኛ በላይ ባለው ሰፈር ጥያቄው ሳይፈታ የቀረ አንድ ድንኳን አለ። ሦስት ዓመቱ ነው። ሸራው ሲያረጅ ቆርቆሮ አለበሱት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ አሁን የሰፈሩ መዝናኛ ነው። የሟች ሚስት እስከ ዛሬ ሰው ሲገባ እየተነሣች ትስማለች። 

ጋሽ እንድሪስን ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ይዤ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አልፈቱትም?»

ግራና ቀኝ አዩ። «ልጄ ትርንጎ፣ እኔ የፈታሁት ሰሌዳው 'ወይስ' ሲል ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«እኔ? የይመርን ድንኳን? በአንድ ቃል?» አሉ፤ እንደ መግደል ነው የቆጠሩት። «ነገ ሰው ምን ይለኛል? እንድሪስ ቸኩሎ ወደ ቤቱ ሄደ ነው የሚለኝ። ሌላ ሰው ይናገር፤ እኔ ወዲያው እደግፋለሁ።»

«ሌላውም ሰው እንደዚሁ ነው የሚለኝ።»

«እንግዲያው ሁላችንም ጨዋ ነን» አሉና ተመልሰው አገጫቸውን ይዘው ተቀመጡ።

አቶ ስንሻው ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ወንበሩን ለምደውታል፤ እማ ጀርባቸውን እንዳይበርዳቸው ጋቢ ደርባላቸው ነበር።

«እኔ ዳኛ ነኝ እመቤት» አሉኝ። «የቀረበ መልስ እመዝናለሁ። ያልቀረበ መልስ በምን እመዝናለሁ?»

«እርስዎ መልሱን ያውቁታል?»

«ማወቅ አልተፈቀደልኝም» አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ቀላ።

የመጨረሻው ተስፋዬ ከአዲስ አበባ የመጣችው ፕሮፌሰር ሕሊና ነበረች። ደሴ ያልፈታችው ጥያቄ አለ ተብሎ ተነግሯት ነው የመጣችው። ይሉኝታ የማያውቃት፣ ቸኩላ የምትናገር የከተማ ሰው ትሆናለች ብዬ ተመኘሁ። መጀመሪያ እንደተመኘሁት ነበረች። ገባች፣ ቆማ ጥያቄውን ሰማች፣ ቅንድቧ ተነሣ። አፏን ከፈተች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

እማ ተነሥታ ሳመቻት። «እንኳን መጣሽልኝ የኔ ልጅ። መንገዱ አድክሞሻል። እስኪ መጀመሪያ አንድ ነገር ቅመሺ» አለቻት፤ በእጇም አጎረሰቻት።

አለቀ። የቤቱን ጉርሻ የጎረሰ ሰው የቤቱን ድንኳን አያፈርስም። ፕሮፌሰሯ ቀስ ብላ አኘከች፣ ዞር ብላ የሰዉን ፊት አየች፣ ሁሉም በዓይኑ ለመናት። ዋጠችና «እጅግ ጥልቅ ጥያቄ ነው» አለች። ድንኳኑ በእፎይታ ተነፈሰ። ከሰዓት ላይ ሻንጣዋን አስመጣች፤ በጎማው ወገን በኩል ቦታ ለቀቁላት።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሳይበዛ የእማን ጉልበት በሞቀ ውሃ እያሸሁ ሁሉን ነገርኳት። ከዚያ በፊት መናገር ፈርቼ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዕውቅናው ደስ ያሰኛት መስሎኝ ነበር።

«ሁሉም ያውቁታል?» አለች።

«ሁሉም እማ። ጋሽ እንድሪስም፣ ዳኛውም፣ ያቺም ፕሮፌሰር። ቀድሞ መናገር ነው ያሳፈራቸው።»

 ከዚያ ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ መጣ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «እኔ አፈቀላጤ ሆኜ ለገባው ሁሉ ይመር ጥልቅ ነበር ስል ከረምኩ» አለች። «እንዲህ ቀላሉን የተወው በቶሎ እንዲሄዱልኝ ብሎ እኮ ነው። ሞኝ። እነዚህን ሰዎች ያውቃቸው የለም?» ጉልበቷን ከእጄ አወጣች። «ምሳ ይቅረብ። ሁሉም ይጠራ።»

ምሳ ላይ ድንኳኑ ጢም አለ። እማ ነጠላዋን አስተካክላ ከፍራሹ ተነሣች። ሰው የገባ መስሏቸው ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«እኔ ፈትቼዋለሁ» አለች።

አቶ ስንሻው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እትዬ ንጋቷ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የቤተሰብ መልስ አይቆጠርም።»

«አይቆጠር። ባልቴት ነኝ፣ ልናገርና ይውጣልኝ። የይመር ጉዞ ጎዶሎ ነው።»

 ጋሽ እንድሪስ ጉርሻቸውን አፋቸው አጠገብ እንደያዙ ቀሩ። የንፍሮው ወገን እጅ ለእጅ ተያያዘ። ፕሮፌሰር ሕሊና ጥርሷን ስትነክስ አየሁ፤ የአንገቷ ደም ሥር ተገተረ። እንዲያም ሆኖ ቻሉት። ለአባቴ ብለው ቻሉት፣ እግዜር ይስጣቸው።

እማ ሰዉን ዞር ዞር ብላ አየች። «ግልጽ ነው እኮ» አለች ረጋ ብላ። «የወረደው ከወጣው በአንድ ይበልጣል።»

ከዚህ በላይ የአገራችን ሰው አይችልም። ማን እንደጀመረው እኔም አልለየሁም፤ ከየጥጉ ባንድ ጊዜ ነው የፈነዳው።

«ሙሉ ነው!»

«እንዴት ይበልጣል እትዬ ንጋቷ? እንዴት?»

«የወረደው ሁሉ ወጥቷል!»

«ማታ ማታ ቤቱ እየገባ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ጉርሻው ወድቋል፣ እሳቸውም ቆመዋል። «እኔ ምስክር ነኝ! መብራቱን በመስኮቴ አይ ነበር፣ አንድ ቀን ኮምቦልቻ አላደረም! ክረምት መንገድ ሲቆረጥ እንኳ ዞሮ መጥቷል! ዳገቱ ላይ ሰው ሁሉ ሲቀር እሱ ይገባ ነበር!»

«እያንዳንዱ መውረድ መመለሻ አለው» አለች ፕሮፌሰሯ፤ አግዳሚው ላይ ወጥታ ሁለት ጣቶቿን እያጣመረች ነበር። «ጥንድ ነው፣ እናቴ፣ ጥንድ! አንድም የተረፈ የለም! ሁልጊዜ ተመልሶልዎታል!»

«ተመልሶልሻል!» አለ ድንኳኑ።

ከዚያ በኋላ ነው ምን እንዳደረጉ የገባቸው። አንድ በአንድ ተቀመጡ። አንዱ ሌላውን ላለማየት ሁሉም ንፍሮውን አየ። አቶ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መልስ ቀርቧል። ለመዝገቡ፣ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው?»

 ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብለው አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ፊታቸው ላይ ትልቅ ብርሃን እየወጣ ነበር። «ማንም አልቀደመም» አሉ። «እኩል ነው የተናገርነው። ሁላችንም እሷን ልናርም ብለን ነው።»

«ልናርም ነው» አለ ሰዉ። «ስሕተት እንዴት ሰምቶ ዝም ይባላል?»

አቶ ስንሻው ሰሌዳውን አጠፉት። ጎረምሶቹ ምሰሶውን ሲነቅሉ እንግዶቹ ካፖርታቸውን ከእማ አልጋ ላይ አነሡ። እያንዳንዱ ሲወጣ እማን ስሞ «አብሽሪ» አላት፤ አንዳንዶቹም ከአጥሩ በር ላይ ተመልሰው መጥተው ለምን ሙሉ እንደሆነ እንደገና በዝርዝር አስረዷት። በትዕግሥት ሰማቻቸው። ፕሮፌሰሯ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «እናትሽ አውቀው ነው አይደል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ግቢው ባዶ ሆነ። ድንኳኑ በቆመበት ሣሩ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። እማ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የአባቴን ወንበር አየች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ፤ መኖሬን የረሳችው ይመስለኛል።

«ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት» አለች።

ወንበሩ ዝም አለ። እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ትንሽ ጠበቀች፣ ደግሞ ጠበቀች፣ ማንም አላረማትም። ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች፤ በገዛ ቤቷ፣ ማንንም ሳትረብሽ። በሩን ዘጋሁላት።